የካራቫን ማሞቂያ፦ በውኃ ወይስ በሞቃት አየር? ከመክፈል በፊት መሠራት ያለበት ሒሳብ

በእኛ አገር ካራቫን ሲባል ለብዙው ሰው ትዝ የሚለው በመንገድ ሥራ ካምፕ ለመሐንዲሶች ቢሮና መኝታ ሆኖ የሚቆመው ተጎታች ቤት ነው። በአውሮፓ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በእንግሊዝ፣ በጀርመን፣ በሆላንድና በስዊድን መካከለኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ የሆቴል ወጪ ለመሸሽ ሲል አልጋ፣ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ያለው ካራቫን ገዝቶ ከመኪናው ኋላ አሥሮ ለዕረፍት ይጓዛል። በእነዚህ አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችንም የልጆቻቸው ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር የሆቴሉ ሒሳብ ሲከብዳቸው ወደዚህ ገበያ ብቅ ማለታቸው አልቀረም።

ከነዚህ አንዱ በሊድስ ከተማ አውቶቡስ የሚነዱት የአክስቴ ባል ናቸው። አንድ ቀን ማታ ስልክ ደውለው፣ “አንተ ኤኮኖሚክስ ተምሬአለሁ ትላለህ፤ እስቲ የትኛውን እንደምገዛ ንገረኝ” አሉኝ። ከአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ያገለገሉ ካራቫኖች አይተዋል። ሁለቱም አራት ሰው ያስተኛሉ፤ የሁለቱም ርዝመት 6 ሜትር ነው፤ ዕድሜያቸውም እኩል ነው። አንደኛው የሚሞቀው በቱቦ በሚነፋ አየር ሲሆን፣ ሁለተኛው በራዲያተር ውስጥ በሚዘዋወር ፈሳሽ ነው። ባለ ፈሳሹ በ 1,200 ፓውንድ ይበልጣል። ሻጩ ደግሞ “በራዲያተር የሚሞቀውን አንድ ጊዜ የቀመሰ ሰው ወደ ሌላው አይመለስም” ብሎ አጣድፏቸዋል።

1,200 ፓውንድ ለአንድ የአውቶቡስ ሾፌር ቀላል ገንዘብ አይደለም። ጥያቄው ግን የእሳቸው ብቻ ባለመሆኑ፣ የዛሬው የገበያ ገጻችን ሁለቱን ዘዴዎች አስተያይቶ፣ ልዩነቱ ለማን እንደሚያዋጣና ለማን እንደማያዋጣ ለማስረዳት ይሞክራል።

ገበያውን የያዙት እነማን ናቸው?

በአውሮፓ የካራቫን ማሞቂያ ገበያ ውስጥ ደጋግመው የሚነሱት ስሞች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ከሙኒክ አጠገብ ፑትስብሩን በምትባል ሥፍራ የሚገኘው የጀርመኑ ትሩማ ነው። ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ 1949 የመሠረቱት ፊሊፕ ክራይስ ሲሆኑ፣ ስሙ የተወሰደው በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከነበሩት ከሃሪ ትሩማን ነው። ሥራ የጀመረው በጋዝ መብራት ነበር። ዛሬ በሞቃት አየር የሚሠራ ማሞቂያ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው እርሱ ነው። ሁለተኛው በስዊድን፣ በኧላንድ ደሴት ላይ ባለችው በፌርየስታደን የሚገኘው አልዴ ነው። የአልዴ ስም ደግሞ በራዲያተር ከሚሠራው ማሞቂያ ጋር የተቆራኘ ነው።

እዚህ ላይ ሸማቹ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። አልዴ ዛሬ የትሩማ ቡድን አባል ነው። ስለዚህ ሁለቱ ዘዴዎች እንደ ሁለት ባላንጣ ነጋዴዎች እየተሻሙ ዋጋ የሚያወርዱ ሳይሆኑ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ለሁለት ዓይነት ደንበኛ የተዘጋጁ ሁለት ዕቃዎች ናቸው ማለት ይቻላል። የካራቫን አምራቾችም የሚጠቀሙባቸው በዚሁ መንገድ ነው። ለምሳሌ የብሪስቶሉ ቤይሊ “ዩኒኮርን” በተባለው የላይኛው ደረጃ ምርቱ ላይ የአልዴን ማሞቂያ ሲገጥም፣ ዋጋው ቀነስ በሚለው “ፊኒክስ” ላይ የትሩማን ይገጥማል። ክረምቱ በሚከብድበት በስዊድን ደግሞ እንደ ካቤ ያሉት አምራቾች ፈሳሹን እንደ መደበኛ ዕቃ ያዩታል።

በመሆኑም ገዢው ማሞቂያ ብቻውን አይመርጥም። ባለ ራዲያተሩን ሲያነሳ የተሻለውን ፍራሽ፣ የተሻለውን መጋረጃና የተሻለውን መብራትም አብሮ ያነሳል። የ 1,200 ፓውንዱ ልዩነት ሁሉ የማሞቂያው ዋጋ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሠራራቸው እንዴት ነው?

በሞቃት አየር የሚሠራው ዘዴ ቀላል ነው። ከወንበር ወይም ከአልጋ ሥር የተቀመጠች አንዲት ምድጃ ጋዝ ታቃጥላለች፤ ወይም በኤሌክትሪክ ትግላለች። ቬንትሌተር አየሩን በጋለው ብረት ላይ እያሳለፈ፣ ወለሉን ተከትለው በተዘረጉ ቱቦዎች ወደ ሳሎን፣ ወደ መኝታና ወደ መታጠቢያ ክፍል ይነፋዋል። “ኮምቢ” የሚባለው የትሩማ ምርት በዚያችው ምድጃ 10 ሊትር የመታጠቢያ ውኃ ጭምር ያሞቃል። የጋዝ ጉልበቱም እንደ ሞዴሉ 4 ወይም 6 ኪሎዋት ነው።

በዕድሜ የገፉት ካራቫኖች ላይ ደግሞ “ትሩማቲክ ኤስ” የሚባለው፣ ፊቱ ወደ ሳሎን የሚታይ የግድግዳ ምድጃ ይገኛል። ይህኛው ቬንትሌተሩ ቢጠፋም ሙቀቱ በራሱ ወደ ላይ እየወጣ ክፍሉን ስለሚያሞቅ፣ ባትሪ ያለቀበትን ሰው አይጥለውም።

በፈሳሽ የሚሠራው ከመኪና ሞተር ማቀዝቀዣ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ እዚህ የሚፈለገው ማቀዝቀዙ ሳይሆን ማሞቁ መሆኑ ነው። ቦይለሩ ከአንቲፍሪዝ ጋር የተደባለቀ ውኃ ያሞቃል። ትንሽ ፓምፕ ፈሳሹን በግድግዳዎቹ ዙሪያ፣ ከወንበሮችና ከቁም ሳጥኖች ኋላ በተዘረጉ ቀጫጭን ራዲያተሮች ያዞረዋል። አየሩ በራዲያተሩ ላይ ሞቆ በራሱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው በሥር ይገባል። የሚነፋ ነገር የለም። ቦይለሩ በሆዱ 8 ሊትር ተኩል የሚጠጋ የመታጠቢያ ውኃም ይይዛል።

ለመሆኑ ይህ ልዩነት ምን ያመጣል? አንድ ሊትር ውኃ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ የሚይዘው ሙቀት፣ አንድ ሊትር አየር ከሚይዘው ከ 3 ሺህ ጊዜ በላይ ነው። ይህን የእኛ እናቶች ያለ ፊዚክስ ያውቁታል። የሸክላ ምጣድ ለመጋል ጊዜ ይፈጃል፤ አንዴ ከጋለ ግን እሳቱ ቢቀንስም እንጀራውን እኩል ያበስላል። ስስ የብረት ምጣድ ወዲያው ይግላል፤ ወዲያውም ይበርዳል። ባለ ፈሳሹ ካራቫን የሸክላው ምጣድ ነው፤ ባለ አየሩ የብረቱ።

ምቾቱ የማን ይበልጣል?

ዓርብ ማታ ከሥራ ወጥቶ ሁለት ሰዓት ነድቶ ቀዝቃዛ ካራቫን የከፈተ ሰው የሚፈልገው ቶሎ መሞቅን ነው። በዚህ ሞቃት አየር ያሸንፋል። ማብሪያው ከተጫነበት ደቂቃ ጀምሮ ከእግር ሥር ሙቀት ይመጣል፤ ባለ ፈሳሹ ግን መጀመሪያ ፈሳሹን፣ ከዚያ ራዲያተሩን፣ ከዚያ አየሩን ማሞቅ ስላለበት ገዢው ካፖርቱን ሳያወልቅ ሻይ አፍልቶ መጠጣት ይኖርበታል።

ሌሊቱ ሲረዝም ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። የአየሩ ማሞቂያ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ይነሳል፣ ሲሞቅ ያቆማል፤ ቬንትሌተሩም በተነሳ ቁጥር ድምፅ አለው። ከምድጃዋ አጠገብ የተኛው ሲያልበው፣ ቱቦው በሚያልቅበት ጫፍ የተኛው ብርድ ልብስ ይስባል። መታጠቢያ ክፍሉ በካራቫኑ የኋላ ጫፍ ሲሆን ይህ ቅሬታ ይበረታል። ፈሳሹ ግን ድምፁ አይሰማም ለማለት ይቻላል፤ ሙቀቱም በዙሪያው ካሉት ግድግዳዎች ስለሚነሳ ከጫፍ ጫፍ ተመጣጣኝ ነው። ከዚህም በላይ ሞቃቱ አየር ከቁም ሳጥኑና ከወንበሩ ኋላ ስለሚወጣ፣ በእርጥቡ የእንግሊዝ አየር ግድግዳ ላይ የሚቋጠረውን ጠልና የሚከተለውን ሻጋታ ይቀንሳል።

ነገር ግን ይህ ጥቅም የሚገኘው አየሩ መተላለፊያ ሲኖረው ነው። ከራዲያተሩ ሥርና በላይ ያሉትን ክፍተቶች በትራስ፣ በሻንጣና በብርድ ልብስ የደፈነ ባለቤት ውድ ማሞቂያ ገዝቶ ሙቀቱን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎበታል ማለት ነው።

ሌላው በሻጮች አፍ የሚዘወተረው “ይህኛው ለክረምት የተሠራ ነው” የሚለው ነው። ለዚህ የሚያገለግለው የማሞቂያው ዓይነት ሳይሆን የአውሮፓው መለኪያ ኢኤን 1645-1 ነው። በዚህ መለኪያ 3ኛውን ደረጃ ያገኘ ካራቫን፣ ውጪው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሲሆን ውስጡን ወደ 20 ዲግሪ ማድረስ የሚችል ነው። ይህን ደረጃ በሞቃት አየርም፣ በፈሳሽም የሚሞቁ ካራቫኖች ያገኙታል። ግድግዳው ሙቀት የሚያፈስ ከሆነ በምንም ቢሞቅ ዋጋ የለውም።

ጋዝና ኤሌክትሪክ፦ የዕለት ወጪው

ብዙ ሰው ፈሳሹ ነዳጅ ይቆጥባል፣ አየሩ ያባክናል ብሎ ያምናል። ሁለቱም ግን ካራቫኑ በግድግዳውና በመስኮቱ የሚያጣውን ሙቀት ነው የሚተኩት። ያው ካራቫን በያው ብርድ ያን ያህሉን ሙቀት ይፈልጋል፤ ከየትም ይምጣ። የወጪውን ልክ የሚወስነው ከማሞቂያው ስም ይልቅ የግድግዳው ውፍረት፣ የውጪው ብርድና የባለቤቱ ልማድ ነው።

አንድ ኪሎ ፕሮፔን ጋዝ ሲቃጠል 12.9 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት ይሰጣል። ካራቫኑ በብርድ ቀን በአማካይ 2 ኪሎዋት ይፈልጋል እንበል። በ 24 ሰዓት 48 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ባለ 6 ኪሎ ሲሊንደር በውስጡ 77 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ አለው፤ ስለዚህ ምንም ሳይባክን ከአንድ ቀን ተኩል ብዙም አያልፍም። ባለ 13 ኪሎው ሦስት ቀን ተኩል ይሄዳል። በሙሉ ጉልበቱ ለሚነድ ማሞቂያ ደግሞ ይህም ይቀንሳል፤ የትሩማ ባለ 4 ኪሎዋቱ ኮምቢ በሙሉ ጉልበቱ በሰዓት እስከ 320 ግራም ስለሚያነድ፣ ባለ 6 ኪሎው ሲሊንደር ከ 19 ሰዓት በታች ይበቃዋል። ብዙ አዳዲስ ገዢዎች በመጀመሪያው የክረምት ጉዟቸው እኩለ ሌሊት ላይ ጋዝ አልቆባቸው የሚነቁት ይህን ስሌት ባለመሥራታቸው ነው።

የጋዙም ዓይነት ይለያል። እኛ በጥቅሉ ቡታ ጋዝ የምንለው ሁለት ዓይነት ነው። ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ከፈሳሽነት ወደ ጋዝነት መለወጡን ያቆማል። ፕሮፔን ግን ከዜሮ በታች እስከ 42 ዲግሪ ድረስ ይተናል። ክረምት የሚወጣ ሰው ማሞቂያው ምንም ይሁን ምን ፕሮፔን መያዝ አለበት።

ካምፑ ኤሌክትሪክ ካለው ነገሩ ይቀልላል፤ እዚህ ላይ ግን አምፔር ይመጣል። በ 230 ቮልት መስመር 6 አምፔር የሚሰጥ ካምፕ 1,380 ዋት፣ 10 አምፔር የሚሰጥ 2,300 ዋት፣ 16 አምፔር የሚሰጥ ደግሞ 3,680 ዋት ያቀርባል። የአልዴ ቦይለር በኤሌክትሪክ እንደ አቅርቦቱ በ 1፣ በ 2 ወይም በ 3 ኪሎዋት ይሠራል። የትሩማ ኮምቢ የኤሌክትሪኩ ሞዴል በ 900 ወይም በ 1,800 ዋት ይሠራል። ስለዚህ 16 አምፔር ባለበት ካምፕ አልዴው 3 ኪሎዋት ወስዶ ጋዝ ሳይነካ የክረምት ሌሊት ሊያሳልፍ ሲችል፣ ትሩማው ብርድ ሲጠና በጋዝ መደገፍ ይኖርበታል። በአንጻሩ አልዴው 3 ኪሎዋቱን ሲወስድ ለማንቆርቆሪያና ለሌላው ሁሉ የሚቀረው 680 ዋት ብቻ ነው። ሻይ ሊያፈሉ ሲሉ የካምፑን ፊውዝ የሚያወርዱ ጥቂት አይደሉም።

ኤሌክትሪኩ በአዳሩ ክፍያ ውስጥ ተጠቃሎ በሚከፈልበት ካምፕ፣ ተጨማሪው ኪሎዋት ሰዓት ለእንግዳው ነፃ ነው። ጋዙ ግን በኪሎ ይከፈልበታል። እዚህ ላይ የአልዴው 3 ኪሎዋት እውነተኛ ገንዘብ ያድናል። በቆጣሪ በሚያስከፍሉት ካምፖች ግን ይህ ጥቅም ይጠባል። ኤሌክትሪክ በሌለበት ሜዳ ደግሞ ሁለቱም በጋዝ ይሠራሉ፤ ቬንትሌተሩም ሆነ ፓምፑ ከካራቫኑ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይበላሉ።

ክብደት፦ የማይታየው ዋጋ

በካራቫን ገበያ ከፓውንድ ቀጥሎ የሚቆጠረው ገንዘብ ኪሎ ነው። እያንዳንዱ ካራቫን ሊመዝን የሚፈቀድለት ከፍተኛ ክብደት በሠሌዳ ተጽፎበታል። ከዚያ ላይ የባዶው ክብደት ሲቀነስ የሚቀረው ለልብስ፣ ለምግብ፣ ለድንኳንና ለወንበር የሚሆነው ነው። የአውሮፓው መለኪያ ለዚህ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ልክ የሚሰላው እንዲህ ነው፦ የሰዎቹ ቁጥርና የካራቫኑ ርዝመት በሜትር ተደምሮ በ 10 ይባዛል፤ 30 ይታከልበታል። አራት ሰው ለሚያስተኛ ባለ 6 ሜትር ካራቫን 130 ኪሎ ይመጣል።

የሁለቱ ዘዴዎች ምድጃና ቦይለር ለየብቻቸው 15 ኪሎ አካባቢ ስለሆኑ እዚያ ላይ ልዩነት የለም። ልዩነቱ የሚመጣው ከራዲያተሮቹ፣ ከቧንቧዎቹና እንደ ካራቫኑ ርዝመት 10 ሊትርና ከዚያም በላይ ከሚሆነው ፈሳሽ ነው። ይህ ተጨማሪ 20 ኪሎ ቢሆን፣ የሠሌዳው ክብደትም ካልተነሳ፣ ከ 130 ኪሎው ውስጥ ከሰባት አንዱን እጅ በላ ማለት ነው። ለአራት ሰው ቤተሰብ ይህ የሁለት ልጆች ሻንጣ ነው።

በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 16 ቀን 2021 ጀምሮ፣ ከ 1997 ወዲህ የመኪና መንጃ ፈቃድ ያወጡ ሰዎች ያለ ተጨማሪ ፈተና እስከ 3,500 ኪሎ የሚደርስ ተጎታች እንዲጎትቱ ተፈቅዷል። ይህ ግን የመንጃ ፈቃዱን ነገር ነው የለወጠው። መኪናው መጎተት የሚችለው ልክና በካራቫኑ ሠሌዳ ላይ የተጻፈው ልክ እንደነበሩ ናቸው።

ጥገናው

በሞቃት አየር የሚሠራው ብዙ አይጠይቅም። ቱቦው ከመጋጠሚያው ወልቆ ሙቀቱ ከወለል ሥር እንዳይፈስ፣ በዕቃ ተጨፍልቆም እንዳይጠብብ ማየት ነው። ቬንትሌተሩ ቢበላሽ ይቀየራል። አየር ቢያፈተልክ ቤት አያበሰብስም።

ፈሳሹ ግን እንደ መኪና አንቲፍሪዝ ዕድሜ አለው። ቧንቧውንና አሉሚኒየሙን ከዝገት የሚከላከለው ንጥረ ነገር ከጊዜ በኋላ ስለሚያልቅ፣ የተለመደው ዓይነት በየሁለት ዓመቱ፣ ረጅም ዕድሜ ያለው ዓይነት ደግሞ በየአምስት ዓመቱ መለወጥ አለበት። ሲለወጥም በቧንቧው ውስጥ የቀረው አየር ካልወጣ አንዱ ራዲያተር ሲሞቅ ሌላው ይቀዘቅዛል፤ አየሩን ለማስወጣት የካራቫኑን አፍንጫ በፊት ጎማው ከፍና ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። መጋጠሚያ ቢያንጠባጥብ ደግሞ ፈሳሹ በወለሉ ሥር ገብቶ እንጨቱን ያረጥባል። ግላይኮል የሚባለው አንቲፍሪዝ ለሰውም፣ ለእንስሳም መርዝ ሊሆን ስለሚችል መሬት ላይ አይደፋም።

አንድ የተሳሳተ እምነትም አለ። “የእኔ አንቲፍሪዝ አለው፤ ብርድ አይፈራም” የሚሉ ባለቤቶች አሉ። በራዲያተሮቹ ውስጥ ያለው 40 በመቶ ግላይኮል ያለበት ፈሳሽ እስከ 25 ዲግሪ ከዜሮ በታች መቋቋሙ እውነት ነው። በቦይለሩ ሆድ ያለው የመታጠቢያ ውኃ ግን ንጹሕ ውኃ ነው። ካራቫኑ ለክረምት ሲቆም እርሱ ካልፈሰሰ ቀዝቅዞ ቦይለሩን ይሰነጥቀዋል። የትሩማው ኮምቢ ቅዝቃዜው 3 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በራሱ ተከፍቶ ውኃውን የሚያፈስ ቫልቭ አለው፤ ይህ ቦይለሩን ቢያድንም ቧንቧውንና ፓምፑን ማድረቅ የባለቤቱ ሥራ ነው።

ደኅንነቱ

በአገራችን በተዘጋ ክፍል የከሰል እሳት ይዞ መተኛት ስንት ቤተሰብ እንደፈጀ የማያውቅ የለም። በካራቫን ያለው አደጋ ዘሩ ያው ነው፤ ሽታና ቀለም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሁለቱም ዘዴዎች በአግባቡ ሲገጠሙ ለማቃጠያ የሚሆነውን አየር ከውጪ ስበው ጭሱንም ወደ ውጪ ስለሚያወጡ፣ በዚህ አንዱ ከሌላው አይበልጥም። የሚበልጠው በየጊዜው በባለሙያ የተመረመረው ነው። በኢኤን 50291-2 መለኪያ የተሠራ ማስጠንቀቂያ ደወል መግጠም፣ ጭስ ማውጫውን በበረዶም ሆነ በድንኳን አለመሸፈን፣ የወለልና የጣሪያ አየር ማስገቢያዎችን ብርድ ገባ ብሎ አለመድፈን ለሁለቱም ገዢዎች ግዴታ ነው። ማሞቂያ አለኝ ብሎ የከሰል ምድጃ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ግን ምንም ደወል አያድነውም።

የሊድሱ ሒሳብ

ወደ አክስቴ ባል እንመለስ። “ጋሼ፣ በዓመት ስንት ብርዳማ ሌሊት ነው የሚያድሩበት?” ስላቸው፣ “ክረምቱን በሙሉ!” አሉኝ። አክስቴ ከኋላ ሆና “ፈረቃህን ማን ይሠራልሃል?” ስትል ተሰማኝ። የቀን መቁጠሪያ ይዘው ተቀመጡ። ነሐሴ ላይ ሁለት ሳምንት ያርፋሉ፤ ያኔ ማሞቂያ ብዙም አያስፈልግም። ለፋሲካ ጥቂት ቀን፣ በጥቅምት የትምህርት ቤት ዕረፍት ጥቂት ቀን። ማሞቂያ የሚያስፈልግባቸው ሌሊቶች ሲቆጠሩ በዓመት 12 ሆኑ።

ከዚያ ሒሳቡን አብረን ሠራን። ካራቫኑን ስድስት ዓመት ይይዙታል እንበል። የዋጋው ልዩነት 1,200 ፓውንድ ነው። ፈሳሹን በየሁለት ዓመቱ ለማስለወጥ በእያንዳንዱ ጊዜ 160 ፓውንድ ብንይዝ 480 ይሆናል። ድምሩ 1,680 ነው። ሲሸጡት ባለ ራዲያተሩ በ 600 ፓውንድ ይበልጥ ይሸጣል ብለን ብንቀንስ 1,080 ይቀራል። ይህን በስድስት ዓመቱ 72 ብርዳማ ሌሊቶች ብናካፍለው፣ የራዲያተሩ ተጨማሪ ምቾት ለአንድ ሌሊት 15 ፓውንድ ያስከፍላቸዋል። በዓመት 45 ብርዳማ ሌሊት የሚያድር ጡረተኛ ቢሆን ኖሮ ግን ሌሊቶቹ 270 ስለሚሆኑ፣ ያው ምቾት በ 4 ፓውንድ ይገኛል።

አንድ ዕቃ ለአንዱ ገዢ ውድ፣ ለሌላው ርካሽ የሚሆነው በዚህ ዓይነት ነው። የሻጩ ንግግር ውሸት አልነበረም፤ በራዲያተር የሚሞቀው ካራቫን በእርግጥ ምቹ ነው። ያልነገራቸው ነገር፣ ያ ምቾት የሚሸጠው በሌሊት ብዛት መሆኑን ነው።

ሌላም ነገር ተገኘ። ስለ ፈሳሹ እንዲጠይቁ ነግሬአቸው ነበር። ሻጩ ፈሳሹ መቼ እንደተለወጠ የሚያሳይ ወረቀት አላቀረበም። ማጠራቀሚያው ሲከፈት ፈሳሹ ቡናማ ሆኗል። ይህ ማለት ገና ሳይጠቀሙበት ወጪ ይጠብቃቸዋል፤ ውስጡ ዝጎ ከሆነም የወጪው መጠን አይታወቅም።

የአክስቴ ባል ባለ አየሩን ወሰዱ። ከተረፋቸው 1,200 ፓውንድ ጥቂቱን ለጋዝ ምርመራ፣ ለአዲስ የጋዝ ጎማ፣ ለማስጠንቀቂያ ደወልና መታጠቢያ ክፍሉ ጋ ለሚደርሰው ቱቦ መሸፈኛ አዋሉት። አክስቴ ወፍራም ብርድ ልብስ ጨመረች። ቀሪው ለነዳጅና ለካምፕ ኪራይ ተቀመጠ።

ገዢው ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

በበጋና በሳምንት መጨረሻ ለሚወጣ፣ መኪናው ትንሽ ለሆነና ዕቃ ለሚበዛበት ቤተሰብ ሞቃት አየር ይበቃል። ክረምቱን በካራቫን ለሚያሳልፍ፣ 16 አምፔር ባለው ካምፕ ለረጅም ጊዜ ለሚቆምና ድምፅ እንቅልፍ ለሚነሳው ሰው ራዲያተሩ ዋጋውን ይመልሳል። በአየር የሚሞቀውን ካራቫን ገዝቶ በኋላ ራዲያተር አስገጥማለሁ የሚል ግን ተሳስቷል፤ ቁም ሳጥንና ወንበር ሁሉ ተነቅሎ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ካራቫኑን ሸጦ ሌላ መግዛት ይረክሳል።

ከመክፈል በፊት ለባለ ፈሳሹ፦ ፈሳሹ መቼ ተለወጠ? ወረቀቱ የታለ? ሲቀዘቅዝ በማጠራቀሚያው ያለው ልክ ከዝቅተኛው ምልክት ጥቂት ከፍ ብሎ ይታያል ወይ? በመጋጠሚያዎቹ ዙሪያ እርጥበት አለ ወይ? ለአንድ ሰዓት ተነሥቶ ሁሉም ራዲያተሮች በእጅ ሲዳሰሱ እኩል ይሞቃሉ ወይ? ለባለ አየሩ፦ ከሁሉም መውጫዎች አየር ይወጣል ወይ? የመጨረሻው መውጫ ይሞቃል ወይ? ቬንትሌተሩ ይንጫጫል ወይ? ለሁለቱም፦ በጋዝም፣ በኤሌክትሪክም ለየብቻ ይሠራል ወይ? የሠሌዳው ክብደት ስንት ነው? ለዕቃ የሚተርፈውስ?

ሻጩ ማሞቂያውን አስነሥቶ ለማሳየት “ዛሬ ጋዝ የለም” ካለ፣ ገዢውም “እንግዲያው ዛሬ ገንዘብ የለም” ብሎ በሌላ ቀን መመለስ ይችላል። ድስት ጥዶ ከማልቀስ በፊት መጥኖ መደቆስ ይሻላልና።